የንጉሡ አትክልተኛ ፍራንሲስ ማሶንና የእኩለ ቀን አበቦች

ታላቁ መርከበኛ ካፒቴን ጄምስ ኩክ ለሁለተኛው የዓለም ዙሪያ ጉዞው ሪዞሉሽን በተባለችው መርከብ ከፕሊመዝ ወደብ የተነሣው ጁላይ 13 ቀን 1772 ዓ.ም. ነበር። በዚህ ታሪክ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በመርከቢቱ ላይ ከመኰንኖቹ፤ ከከዋክብት ተመራማሪውና ከሠዓሊው ሌላ አንድ ትሑት አትክልተኛ ተሳፍሮ ነበር። መርከቢቱ የምታመራው ወደ ደቡብ ዋልታ በረዶ ሲሆን የአትክልተኛው መንገድ ግን በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ የሚያበቃ ነው። ስሙ ፍራንሲስ ማሶን ይባላል። የኩክን ስም ያልሰማ ተማሪ አይገኝም፤ የማሶን ዝና ግን የገነነው በዕፀዋት ሊቃውንትና በአትክልት ወዳዶች ዘንድ ነው። ሆኖም ዛሬ በብዙ አገር በየመስኮቱና በየአበባ መደቡ ከሚታዩት አበቦች መካከል ብዙዎቹ ወደ ኤውሮፓ የገቡት በዚህ ሰው እጅ ነው።

ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፤ በዚያን ጊዜ በእኛ አገር ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ሁለተኛ በጎንደር ነግሠው ነበር። የዓባይን ምንጭ ለማየት መጥቶ የነበረው ጄምስ ብሩስ በ1771 ዓ.ም. መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ በስናር በኩል ወደ ግብፅ ይጓዝ ነበር። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ የስኮትላንድ ተወላጅ ከአፍሪካ በሰሜን ሲወጣ ሌላው የስኮትላንድ ተወላጅ በደቡብ ይገባ ነበር ማለት ነው። ብሩስ ባለርስትና ኩሩ ጌታ ነበር፤ ማሶን ግን በደመወዝ የሚያድር ሠራተኛ ነው።

ማሶን የተወለደው በ1741 ዓ.ም. በአበርዲን ከተማ ነው። ስለ ልጅነቱ የሚነገረው ጥቂት ነው። ጐልማሳ በሆነ ጊዜ እንጀራ ፍለጋ ወደ እንግሊዝ ወርዶ በለንደን አጠገብ በሚገኘው በኪው የቤተ መንግሥት አትክልት ቦታ በረዳት አትክልተኛነት ተቀጠረ። ይህ ቦታ በዚያን ጊዜ የንጉሡ የጊዮርጊስ ሦስተኛ ንብረት ነበር። የንጉሡ አማካሪ የነበሩት ጆሴፍ ባንክስ ደግሞ ኪው ከዓለም ሁሉ የተሰበሰበ ዕፅ የሚገኝበት ስፍራ እንዲሆን ይመኙ ነበር። ባንክስ ራሳቸው ከኩክ ጋር አንድ ጊዜ ዓለምን ዞረዋል፤ በሁለተኛውም ጉዞ ሊሄዱ ከተዘጋጁ በኋላ በመርከቢቱ ክፍሎች ምክንያት ከባሕር ኃይል ሹማምንት ጋር ተጣልተው ቀሩ። እርሳቸው ሲቀሩ አትክልተኛው ሄደ። ኪው በደመወዝ ቀጥሮ ወደ ውጭ አገር የላከው የመጀመሪያው ተክል ሰብሳቢ እርሱ ነው። ደመወዙ በዓመት 100 ፓውንድ ሲሆን ለጉዞው ወጪ ደግሞ እስከ 200 ፓውንድ ድረስ ተፈቀደለት።

መርከቢቱ በኦክቶበር መጨረሻ ኬፕታውን ደረሰች። አገሩ በሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ እጅ ነበር። ማሶን በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ረጃጅም ጉዞዎች አደረገ። የመጀመሪያው በዲሴምበር 1772 ዓ.ም. ተጀምሮ እስከ ስዌለንዳም ድረስ የተደረገ ነው። ሁለተኛው በ1773 ዓ.ም. መስከረም ግድም ተነሥቶ በስተምሥራቅ እስከ ሰንደይስ ወንዝ ደረሰ። ሦስተኛው በ1774 ዓ.ም. ወደ ሰሜን፤ ወደ ሮገቬልድና ወደ ደረቁ የካሩ ምድር የተደረገ ነው። ዕቃው በበሬ በሚሳብ ጋሪ ተጭኖ እርሱ በፈረስ ይሄዳል። ጋሪውን የሚነዱትና መንገድ የሚያሳዩት የአገሩ ተወላጆች ኮይኮይ የሚባሉት ሰዎች ነበሩ። ውሃ የት እንደሚገኝ የሚያውቁት እነርሱ ሆነው ሳለ በታሪኩ መጻሕፍት ስማቸው ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ ይህ ሊታወስ ይገባል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ጉዞ ጓደኛው የስዊድኑ ሐኪም ካርል ፒተር ቱንበርግ ነበር። ቱንበርግ የታላቁ የሊኔየስ ደቀ መዝሙር ነው፤ በኋላም ወደ ጃፓን ሄዶ ስሙን አስጠርቷል። አንዱ በመጽሐፍ የተማረ፤ ሁለተኛው በመኰትኰቻ የሠለጠነ፤ ሁለቱም በጠባያቸው ለየቅል ነበሩ። ቱንበርግ ደፋር ነው፤ ጥልቀቱን ሳይለካ ወንዝ ሲገባ ፈረሱ ጉማሬ ከቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ እስከ ጆሮው ሰጥሞ በመከራ ወጥቷል። ማሶን ግን መሬቱን እያየ የሚረግጥ ጠንቃቃ ሰው ነበር። ለተክል ሰብሳቢ ከሁለቱ ጠባይ የትኛው እንደሚሻል አንባቢው ይፍረድ። እኔ ወደ ማሶን አደላለሁ፤ ቱንበርግ የሚፈልገው ደርቆ በወረቀት መካከል የሚቀመጥ ናሙና ሲሆን ማሶን ግን ተክሉን በሕይወቱ ለንደን ማድረስ ነበረበትና።

የማሶንን ልብ ከሁሉ ይልቅ የማረከው የካሩ ምድር ነው። ካሩ ማለት በኮይኮይ ቋንቋ ደረቅ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ በጋሪ ቢሄዱ ዛፍ አይታይም፤ ምንጭም አይገኝም። መሬቱ ድንጋይና ጠጠር ነው። ማሶንን ያስደነቀው ግን ይህ ውሃ የሌለበት ምድር ውሃ ባዘሉ ተክሎች የተሞላ መሆኑ ነው። በየድንጋዩ ሥር እንደ እኛ እንዳሁላና እሬት ቅጠላቸው የወፈረ፤ ሲጨመቁ ውሃ የሚወጣቸው፤ ከስንዝር የማይበልጡ ተክሎች መሬቱን አልብሰውት አገኘ። የአካባቢው ገበሬዎች፤ ዝናብ በሚዘንብበት በክረምቱ ወራት ኮረብቶቹ ሁሉ በልዩ ልዩ ቀለም የተቀቡ እንደሚመስሉ ነገሩት። እርሱ የደረሰው ግን ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነበር። ዕፅን የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ ያን ጊዜ ጠብቆ ሊያይ አለመቻሉ እንዳሳዘነው በጽሑፉ ገልጿል።

የእነዚህ ተክሎች ስም በሊቃውንት ቋንቋ ሜሴምብሪያንቴሙም ነው። በ1684 ዓ.ም. ስሙን ያወጣው ብሬይን የተባለ ሊቅ ሲሆን ከግሪክ ቋንቋ የእኩለ ቀን አበባ ማለት ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል ይከፈታሉ፤ ደመና ከሸፈናት ወይም ወደ ማታ ካዘነበለች ይከደናሉ። በኋላ ግን በሌሊት የሚከፈቱ ዘመዶቻቸው ተገኙ። በዚህ ጊዜ ዲሌኒየስ የተባለ ሌላ ሊቅ ከስሙ ውስጥ አንዲት ፊደል ለውጦ፤ ትርጉሙ ፍሬ መያዣው በመካከል ያለ አበባ እንዲሆን አደረገ። አነጋገሩ ሳይለወጥ ትርጉሙ ብቻ ተለወጠ። የእኛ ባለቅኔዎች ቢሰሙት ደስ ይላቸው ነበር።

ያለ ውሃ እንዴት ይኖራሉ? ዛሬ ምሥጢሩ ታውቋል። ማንኛውም ተክል ምግቡን ለመሥራት በቅጠሉ ላይ ባሉት ረቂቅ ቀዳዳዎች አየር ያስገባል፤ ቀዳዳዎቹ ቀን በፀሐይ ሲከፈቱ ግን ውሃው ይተናል። ከእነዚህ ተክሎች ብዙዎቹ ድርቅ ሲጠናባቸው ቀን ዘግተው ሌሊት በቅዝቃዜ ይከፍታሉ፤ ያስገቡትንም አየር አስቀምጠው ሲነጋ ይሠሩበታል። ቅጠሉ ራሱ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ሥራቸው ወደ ጥልቅ አይወርድም፤ ከላይ ከላይ ተሰራጭቶ ትንሿን ካፊያ ሁሉ ይለቅማል። በአንዳንዶቹ ቅጠል ላይ ያሉት ውሃ የቋጠሩ ረቂቅ ከረጢቶች በፀሐይ ሲያብረቀርቁ በረዶ የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ፤ እንግሊዞች የበረዶ ተክል የሚሏቸውም ስለዚህ ነው።

ማሶን በ1775 ዓ.ም. ወደ ለንደን ሲመለስ የኪው የመስተዋት ቤቶች ከእርሱ በመጣው ተክል ተጨናነቁ። አዲስ የሆኑት ዓይነቶች በመቶ የሚቈጠሩ ነበሩ፤ ከእነዚህም የጌራንየም ዘመድ የሆነው ፔላርጎንየምና የእኩለ ቀን አበባ ብዙ ናቸው። የጉዞውም ታሪክ በ1776 ዓ.ም. በሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ታተመ። ያን ጊዜ ካመጣቸው ዛፎች መካከል ዘንባባ የሚመስል አንድ ኤንሴፋላርቶስ የተባለ ተክል ዛሬም በኪው በሕይወት አለ። በዓለም ላይ በሳጥን ከሚኖሩት ተክሎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ይኸው ነው ይባላል። ይህ ተክል ኪው ከገባ በኋላ ፍሬውን ያሳየው በ1819 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ሲሆን አርጅተው የነበሩት ባንክስ ሊያዩት መጥተው ነበር፤ በዓመቱም ዐረፉ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት የመከራ ናቸው፤ በአጭሩ እንለፋቸው። ወደ ማዴራ፤ ወደ ካናሪና ወደ አዞሬስ ደሴቶች ሄዶ ሠራ፤ ከዚያም ወደ ካሪቢያን ተሻገረ። በ1779 ዓ.ም. ፈረንሳዮች ግሬናዳን ሲወጉ ይህ ሰላማዊ አትክልተኛ ጠመንጃ ተሸክሞ እንዲዋጋ ተገደደ፤ ተማረከም። በሚቀጥለው ዓመት ኦክቶበር ላይ በሴንት ሉሺያ ሳለ ታላቁ ማዕበል የሰበሰበውን ጠራርጎ ወሰደበት። በ1781 ዓ.ም. ባዶ እጁን ሊባል በሚችል ሁኔታ ተመለሰ። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ወደ ፖርቱጋልና ወደ ታንጀር ተላከ።

በ1786 ዓ.ም. መጀመሪያ ሁለተኛ ጊዜ ወደ ኬፕ ሲደርስ የጥንቱ አቀባበል አልጠበቀውም። በመካከሉ እንግሊዝና ሆላንድ ተዋግተው ስለ ነበር አንድ እንግሊዛዊ በአገሩ እየዞረ ሲመለከት እንደ ሰላይ ይጠረጠራል። ወደ ባሕር ዳርቻ እንዳይጠጋ ተከለከለ። የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት የላኳቸው አትክልተኞች ቦስና ሾልም በዚያው ዓመት ደርሰው ነበር። እንግዲህ እንደ ልቡ መዞር ያልቻለው ማሶን ሌላ ዘዴ ያዘ፤ በኬፕታውን የራሱን አትክልት ቦታ አበጅቶ የሰበሰበውን እያበቀለ ጠባዩን ይመረምር ጀመር። በኔ አስተያየት ከሕይወቱ ሁሉ ፍሬ ያፈራው ዘመን ይህ ነው። ስታፔሊያ የተባሉትን፤ አበባቸው እንደ በሰበሰ ሥጋ እየሸተተ ዝንብ የሚጠራውን ወፍራም ተክሎች በዓይኑ እያየ ሣላቸው፤ አርባ አንዱን ሥዕል ከመግለጫው ጋር በ1796 እና በ1797 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳትሞ ለንጉሡ መታሰቢያ አደረገው። በረዳት አትክልተኛነት የጀመረ ሰው ደራሲ ሆነ።

በ1795 ዓ.ም. እንግሊዞች ኬፕን ሊይዙ ጥቂት ወራት ሲቀሩ ማሶን ወደ አገሩ ተመለሰ። ዕድሜው አምሳ አራት ሊሞላ ነው፤ ጡረታ ይገባው ነበር። ነገር ግን በ1797 ዓ.ም. ወደ ሰሜን አሜሪካ ተላከ። በጉዞው ላይ የፈረንሳይ የባሕር ዘራፊዎች ያዙት፤ ከብዙ እንግልት በኋላ በዓመቱ መጨረሻ ኒው ዮርክ ደረሰ። ከዚያም ወደ ካናዳ ዘልቆ ስምንት ዓመት ያህል ሲሰበስብ ቆየ። ዲሴምበር 23 ቀን 1805 ዓ.ም. በሞንትሪያል ከተማ፤ በብርዱ ወራት ሞተ። ስድሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ ሚስት አላገባም፤ ልጅም አልነበረውም። የፀሐይን አበቦች ሲፈልግ የኖረ ሰው መቃብሩ በበረዶ ውስጥ ተቈፈረ።

ክብር አላገኘም አይባልም። ማሶንያ የተባለ ተክል በስሙ ተጠርቷል። እርሱም የሚበቅለው በኬፕ ነው፤ ሁለት ሰፋፊ ቅጠሎቹን መሬት ላይ አንጥፎ አበባውን በመካከላቸው ያወጣል። ከመሬት ከፍ የማይል ተክል ነው። ከዓመት ዓመት መቶ ፓውንድ ይከፈለው ለነበረ ሰው ስሙን እንዲህ ካለ ተክል ጋር ማቆራኘታቸው ሊያስቅም ሊያሳዝንም ይችላል፤ እኔ ግን የተስማማው ይመስለኛል።

እርሱ ከሞተ በኋላ አበቦቹ የራሳቸውን ጉዞ ቀጠሉ። ሃዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ ገና በ1794 ዓ.ም. ስለ እኩለ ቀን አበባዎች ብቻ አንድ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ይሁን እንጂ በለንደን ጭጋግና እርጥበት እነዚህን ተክሎች ማኖር ቀላል አይደለም። አትክልተኛ ሁሉ የሚወደውን ተክል ውሃ ያጠጣል፤ እነዚህን ግን የሚገድላቸው ድርቅ ሳይሆን ያ ፍቅር ነው። ሥራቸው በጭቃ ውስጥ ከዋለ ይበሰብሳል። በሃያኛው መቶ ዓመት ደግሞ የኪው ሠራተኛ የነበረው ኒኮላስ ኤድዋርድ ብራውን የተከመረውን ስም ከፋፍሎ በ1925 ዓ.ም. ዴሎስፐርማን፤ በ1930 ዓ.ም. ላምፕራንቱስን ለያቸው። በ1981 ዓ.ም. በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት በጥቂት ውሃ ስለሚለማ አትክልት ማስተማር ጀመረ፤ ይህንም ዜሪስኬፕ ብለው ጠሩት። እንዲህ ላለው አትክልት ከተመረጡት አበቦች መካከል ዴሎስፐርማ ስሙ ከፍ ብሎ የሚጠራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል። ማሶን የደከመባቸው የምዕራብ ኬፕና የካሩ አበቦች፤ ላምፕራንቱስ ጭምር፤ በአብዛኛው ዝናብ በብርድ ወራት፤ ድርቅ በሙቀት ወራት የለመዱ ናቸው። እነ ዴሎስፐርማ ኩፔሪና ዴሎስፐርማ ኑቢጌኑም ግን ማሶን ካልደረሰበት ከምሥራቁ ደጋ፤ ከሌሶቶና ከድራከንስበርግ ተራሮች አካባቢ የተገኙ ናቸው፤ በዚያ ዝናቡ በሙቀት ወራት ይዘንባል፤ ሌሊቱም ውርጭ አለው። የመጀመሪያው አበባው ሐምራዊ ሲሆን ሁለተኛው ቢጫ ነው። ለኢትዮጵያ ደጋ የሚቀርቡት እነዚህ የተራራዎቹ ናቸው።

በግቢው ሊያለማቸው የሚወድ ሰው አስቀድሞ አፈሩን ይመልከት። ዋልካ መሬት ከሆነ አይተክል፤ ወይም ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ አፈሩን ከግማሽ ያላነሰ አሸዋና ጠጠር ይቀላቅልበት። ተዳፋት ቦታ፤ የድንጋይ እርከን፤ የደረጃ ጠርዝ፤ ፀሐይ ቢያንስ ስድስት ሰዓት የሚያገኘው ስፍራ ይስማማቸዋል። ፍግ አያስፈልግም፤ ፍግ የበዛበት ቅጠሉ ይወፍራል እንጂ አበባው ይቀንሳል። ችግኝ ለማግኘትም ዘር መፈለግ የለበትም። ከጎረቤት ስምንት ወይም አሥር ሳንቲሜትር የሚሆን ጫፍ ቈርጦ፤ የታችኛውን ቅጠል አውልቆ፤ ቁስሉ እንዲደርቅ አንድ ወይም ሁለት ቀን በጥላ ያቈየውና በሠላሳ ሳንቲሜትር ርቀት ይትከለው።

ጊዜው መስከረም ነው፤ ዝናቡ ቆሞ መሬቱ ገና እርጥበት እያለው። በሐምሌ የሚተክል ሰው ተክሉን ለመበስበስ ይዳርገዋል። ለመጀመሪያው አንድ ወር በአራት ወይም በአምስት ቀን አንድ ጊዜ ውሃ ያጠጣው፤ ሥር ከያዘ በኋላ ግን በበጋ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ቅጠሉ መጨማደድ ሲጀምር ተጠማ ማለት ነው፤ እስከዚያ ድረስ እጅን መሰብሰብ ነው። በከተማችን ሣር ለማልማት በየቀኑ ጎማ የሚጐትት ሰው ይህን ሲሰማ አያምን ይሆናል። ከተተከለ በዓመቱ መሬቱን ሸፍኖ አረምን ይከለክላል፤ አፈሩንም ጎርፍ እንዳይወስደው ይይዛል። በክረምት ደመና ሳምንት ሙሉ ሳይከፈት ቢቆይ ታመመ ብሎ ማዘን አይገባም፤ ፀሐይን እየጠበቀ ነው።

ማስጠንቀቅም ያስፈልጋል። ከዚሁ ዘር ካርፖብሮቱስ ኤዱሊስ የሚባለው፤ ጣት የሚያህል ቅጠል ያለው፤ በካሊፎርኒያ የመንገድና የባቡር ሐዲድ ዳር አፈር እንዲይዝ ተብሎ ተተክሎ ነበር። ዛሬ በዚያም በሜዲቴራኒያን ዳርቻም የአገሩን ተክል እየሸፈነ የሚያጠፋ ሆኖ በገንዘብ ይነቀላል። እርሱን በወንዝና በጫካ አጠገብ መትከል አይገባም።

ኢትዮጵያስ ከዚህ ቤተ ሰብ ድርሻ የላትም? አላት። ዴሎስፐርማ አቢሲኒኩም ተብሎ በስማችን የሚጠራ ዝርያ በአገራችንና በኤርትራ በዱር ይበቅላል። ስም ግን ሁልጊዜ አይታመንም፤ ለምሳሌ በየሰርጉ የሚታየው ነጩ የካላ አበባ ሊኔየስ ኤትዮፒካ ብሎ የሰየመው የድሮ ሊቃውንት ከግብፅ በታች ያለውን አፍሪካ ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉ ስለ ነበር ነው እንጂ የትውልድ አገሩ ማሶን የዞረበት የደቡብ አፍሪካ ረግረግ ነው። የአቢሲኒኩሙ ግን በእውነት የእኛ ነው። አትክልተኞቻችን ከባሕር ማዶ ከማስመጣታቸው በፊት እርሱን ቢሞክሩት ምን ይላሉ?

ተክሉ አብቦ ሲያበቃ የሚቀረውን ደረቅ ፍሬ ቈርጦ የሚጥል ሰው ግን ብዙ ነገር ያመልጠዋል። ፍሬው ሽንብራ የምታህል ትንሽ ቡናማ ሣጥን ናት። በካሩ በበጋው ሁሉ ተዘግታ ትቆያለች፤ ዘሩ በድርቅ ወድቆ እንዳይጠፋ። ዝናብ ሲመጣ ብቻ ክዳኖቿ እንደ ኮከብ ይከፈታሉ፤ የዝናቡ ጠብታም እየመታ ዘሩን በዙሪያዋ ይበትናል፤ ስትደርቅ እንደገና ትከደናለች። ይህን ለማየት እስከ ኬፕ መጓዝ አያስፈልግም። አንዷን ደረቅ ፍሬ በሰሐን ላይ አኑሮ ጥቂት ውሃ ማንጠባጠብና ደቂቃዎች መጠበቅ ነው።